ዳገት ሲሆን

ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ አሥራ አምስት ትላለች፣
በሽቦ ያሰርኳት ጌጅ ዳሽቦርድ ላይ ቆማለች።
ሱፍ ጭነን ዳገቱን ስንጀምር ግን፣ አሥር፤
ከአሥር ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ አምስት፣ እንደሚተረተር ክር።
ያን ጊዜ ሞተሩ ያስለዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣
ፒክአፑ በሁለተኛ ማርሽ ተንበርክኮ ይቀራል።

ፓታጎኒያ ነው አገሩ። ነፋስ ነው ባለርስቱ።
ከኛ ግቢ እስከ ጎረቤት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያም ይበልጣል ርቀቱ።

አባቴ ዶን ኤሊሴዮ ኩርሲ ላይ ተቀምጦ፣
"ከርካሹ ጀምሪ" ይላል፣ ማቴውን በብረት ቀሰም መጦ፤
"ፊልትሮ ከፓምፕ ይቀድማል፣ ፓምፕ ከፖምፓ። ስሚኝ ሚርታ፣
ችኩል መካኒክ ኪሱን ነው የሚፈታ።"

ፊልትሮውን ለወጥኩ።
አሮጌው ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ "ይኸው!" ብዬ ፎከርኩ።
በማግስቱ ዳገት። አሥር፣ ስምንት፣ አምስት።
የውሃ ማጣሪያውን ከሥሩ ከፍቼ አንጠባጠብኩት፣
በብርጭቆ ቀድቼ ለፀሐይ ያዝኩት፤
አንዲት የውሃ እንባ የለበትም።
ካቻቢቴ ጆሮዬ ላይ ተክዬ ፓምፑን አዳመጥኩ፣ እንደ ሐኪም፤
ያጉረመርማል እንጂ አይንተባተብም።
ኤሌክትሪኩን ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሙሉ።
ጌጁ ይዋሽ ይሆናል ብዬ
ሌላ ተዋስኩ ከነ ኑንሲዮ፤ አንድ ሆነ ቃሉ።

ተሸነፍኩ። አዲስ ፓምፕ አዘዝኩ፣
ከባሕሩ ዳር ከተማ፣ በአውቶቡስ፣ ሦስት ቀን፤
የሃያ በጎች ሱፍ ዋጋ በአንዲት ካርቶን።
ገጠምኩ። ወጣሁ። አምስት።
አባቴ ምንም አላለም። ዝምታ ለካ
የ"ብዬሽ ነበር" ናት ታላቅ እኅት።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ
አንድ ነገር ገባኝ፦
ሁልጊዜ የምመረምራት ቆማ፣ ሞተሯ ጠፍቶ ነበር ለካ።
ስትቆም ንጹሕ፣ ስትጎትት ሌባ፤
ማነው እሱ፣ ሲያዩት የሚተኛ፣ ዞር ሲሉ የሚገባ?

ጠዋት ጀሪካን አመጣሁ፤ ናፍጣ ሞላሁበት፣
ከጎኔ ወንበር ላይ እንደ ሰው በቀበቶ አሰርኩት፣
የመምጠጫውን ቱቦ ከሰልባትዮው ነቅዬ
በመስኮት አሳልፌ ከአፉ ከተትኩት።
ዳገት። አሥራ አምስት።
ጫፉ ላይ። አሥራ አምስት።
ማንም በሌለበት፣ ለጓናኮ መንጋ ጥሩንባ ነፋሁ፤
ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ሳቅሁ።

ሰልባትዮውን በክሪክ ደግፌ ቡሎኖቹን ፈታሁ፤
ዝገት ዓይኔ ገባ፣ ናፍጣ በክንዴ ወርዶ ብብቴን አራሰው፣
የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩ።
ከዚያ በእጅ ባትሪ፣ ከታች፣ አየሁት፦
የብር ወረቀት። ክብ። የሳንቲም ያህል ስፋት።
የብርድ መድኃኒቱ ጠርሙስ ሲከፈት
ከክዳኑ ሥር የሚላጠው፣ ያ ቀጭን ሽፋን።
ሞተር ሲስብ ተነሥቶ መምጠጫው አፍ ላይ ልጥፍ፤
ሞተር ሲጠፋ ወደ ታች፣ እንደ ቅጠል ርግፍ።

አንድ ሰው ብቻ ነው መድኃኒቱን የሚጨምረው፣
ናፍጣው በበረዶ እንዳይረጋ፣ በየሰኔው፣
ጎህ ሳይቀድ፣ "ልርዳህ?" ቢሉት የሚቆጣ፤
ከአምና ወዲህ ግን ብርጭቆ ካነሳ
ግማሹ በጣቶቹ መሃል የሚወጣ።

"ምን አገኘሽ?" አለ ከኩርሲው።
ከመኪናው ሥር እንደተጋደምኩ ወረቀቷን አጠፍኩ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ የስንዴ ፍሬ እስክታህል፤ ካልሲዬ ውስጥ ሸጎጥኩ።
"ቱቦው ነው። ተሰንጥቋል" አልኩ።
"አላልኩሽም?" አለ። "ከርካሹ ጀምሪ።"
"ብለኸኛል" አልኩ።

ዘንድሮ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ እሱ ከተኛ በኋላ
ጠርሙሱን አወጣሁ፤ ሽፋኑን ልጬ ምድጃ ውስጥ ጣልኩ፣
ክዳኑን መልሼ አጠበቅኩ፤
ብዙም አይደል፣
ለእሱ እጅ የሚሆን ያህል።