በባሕር የሚላክ

ከተመለስኩ እነሆ አራተኛ ቀኔ፤
መሬቱ ግን ገና አልቆመም ለኔ።
ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ፣
አስፋልቱ ሲነሣ፣ አስፋልቱ ሲንሳፈፍ፣
ምሰሶ አቅፌ ስቆም፣ አንድ ልጅ ሊስትሮ
«እትዬ፣ ግፊት ነው?» አለኝ ብሩሹን ወርውሮ።
«ባሕር ነው፣ ልጄ» አልኩት። ቁልቁል ለገሃርን
አይቶ፣ ሽቅብ ደግሞ ማዘጋጃ ቤትን፣
«የትኛው?» አለ። እውነቱን ነው፣ ምን ዕዳ፣
ሕመሜም ጭምር ነው ላገሬ እንግዳ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እዚሁ ሕንጻ ውስጥ፣
«በባሕር» የሚል ማኅተም ሳነሣ፣ ስረግጥ፣
በጥቅሉ፣ በካርቶኑ፣ በሽቦ በታሰረው፣
ቀለሙ ሐምራዊ፣ «ሕ»ው የተሸረፈው፤
የአገሩን ስም ሁሉ በቃሌ ሳውቀው
ባሕሩን ግን እንጃ። ማን ሊያሳየኝ፣ ማነው?
ጡረታዬ ወጣ። ብሩክታዊት ደወለች፣
የእኅቴ ልጅ፣ ዱባይ፣ ሆቴል ትሠራለች፤
«አክስቴ፣ ሰባት ሌሊት፣ ትኬቱ በኔ ነው፤
ባሕርን ስታትሚ ኖርሽ፣ መች አየሽው?»

መርከብ አልመሰለችኝ ወደቡ ላይ ቆማ።
ሱቅ ያላት፣ ሲኒማ፣ መንገድ ያላት ከተማ።
ዐሥራ ስድስት ፎቅ ነጭ፣ በረንዳው ተደርድሮ፤
ኮንዶሚኒየም ነች፣ ዕጣዬ ወጥቶልኝ ኖሮ!
ሊፍቱ ይሠራል፣ መብራት ሄዶ አያውቅም፣
ዙሪያው ጨው ውሃ ነው፣ ቧንቧው ግን አይደርቅም።
ምግብ ቤቱ በር ላይ እጅ የሚያስታጥበው
ዘፈን ይዘፍናል፤ ሠርግ ነው የመሰለው።

ረቡዕ፣ ለቁርስ፣ አርባ ዓይነት ምግብ ፊት
ቆሜ፣ ፆም ነው ብዬ፣ በጣት በምልክት፣
ሮሜል የሚሉት ልጅ፣ ፊሊፒንስ አገሩ፣
ባቄላ፣ ሩዝ፣ ሐብሐብ ሞላልኝ በየዘሩ።
ዓርብ ሳልነግረው «ፆም?» አለኝ ባማርኛ።
ከአራት ሺህ ሰው መኻል እሱ ሆነኝ ጓደኛ።

ማታ ማታ ደግሞ፣ አልጋዬ ላይ፣ ፎጣ
ዝንጀሮ ሆኖ ተሠርቶ፣ ቁጭ ብሎ ሲቆጣ፤
አልፈታሁትም። ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ።
ሰው የደከመበትን በምን እጄ እፈታለሁ?

ባሕሩን ማየቱስ? እሱን አትጠይቁኝ።
ሦስት ቀን ሙሉ መብልና ሙዚቃ ከለሉኝ።
በአራተኛው ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል፣
ወጣሁ ወደ ሰገነት፣ ብቻዬን ላስተውል።
ጨለማ ነው። ሌላ ምንም። ናፍጣ ይሸታል፣
እንደ አንበሳ አውቶቡስ፣ ዳገት ላይ፣ ያቃስታል።
ሊነጋጋ ሲል ግን ቀለሙ ብቅ አለ፤
ሐምራዊ አይደለም፤ ዝገት ያዘለ
የመርካቶ ቆርቆሮ፣ አሮጌ፣ የተጣጠፈ፣
እስከ ዓይኔ መጨረሻ፣ ከዚያም ወዲያ ያለፈ።

አለቀስኩ። ደግሞም ሳቅኩ። ከኋላዬ የሳለው
ሮሜል ኖሯል ለካ፤ ዕረፍት ላይ ነው።
«መኝታህስ?» ብለው፣ ጣቱን ወደ ታች ጣለ፤
ከውሃው በታች ነው፣ መስኮት የሌለው፣ አለ።
ስምንት ወር ሙሉ ባሕር ላይ ሲመላለስ
ባሕሩን የሚያየው ሲጋራ ሲያጨስ።
ምድር ቤቴን አሰብኩ፣ ሐምራዊ ጣቶቼን፤
በየትኛው ቋንቋ ልንገረው፤ ዝም አልን ሁለታችን።

እናም ዛሬ ገባሁ፣ ፖስትካርድ ይዤ፣
«ሮሜል፣ መርከቧ ላይ» ብዬ፣ ትንሽ ተክዤ።
አቶ ወንድይፍራው፣ ቴምብር ሻጩ፣ አየኝ፤
«ባሕር ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ አሾፈብኝ።
«በባሕር ይላክልኝ።» ሳቀ፤ ከልቡ አዘነም፦
«ሁሉም ባየር ነው አሁን። ማኅተሙም የለም።»

ከፈልኩ። ወጣሁ። ሊስትሮው «ባሕሩ ደህና?» አለኝ።
አስፋልቱ ከፍ አለ። ምሰሶ አልያዝኩኝ።