ኤልቦ

ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስገጣጥም፣
ጥርሱን በነጭ ቴፍሎን ዙሪያ ስጠመጥም፣
ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ በኮዬ ጭቃ ላይ፣
ምድር ቤት ስጎነበስ፣ ፎቅ ስወጣ ሰማይ፣
ስንቱን ኤልቦ ገዛሁ፣ ስንቱን ኤልቦ አሰርኩት፣
አንድ ቀን ግን ስሙን «ምንድን ነህ?» አላልኩት።

ኤልቦ ኤልቦ ነው፤ በቃ።
ስም ይፈታል እንዴ የብረታ ብረት ዕቃ?
ሙዘይን ሱቅ ሄጄ፣ ባንኮኒ ተደግፌ፣
«ግማሽ ኢንች፣ ስድስት» ስል፣ ኪሴን አራግፌ፣
አንድ ቴፍሎን መርቆ፣ በፌስታል ቋጥሮልኝ፣
ይሸኘኝ ነበረ ዋጋ ጨምሮብኝ።

ሰኞ ማታ ልጄ፣ ሲፈን፣ መብራት መጥቶ፣
የአራተኛ ክፍል መጽሐፏ ጭኗ ላይ ተከፍቶ፣
አንድ የሥዕል ልጅ አለ፣ በቀስት ተወግቶ፣
አካሉ በየስሙ ለእንግሊዝ ተሰጥቶ፤
«ሄድ» ብላ ራሷን፣ «ኒ» ብላ ጉልበቷን፣
ነካ ነካ አርጋ፣ አጠፈች እጇን።
ሹሏ አጥንት ላይ ጣቷን አሳረፈች።
«ኤልቦ» አለች።

«እሱ የቧንቧ ነው።»
«የሰው ነው፣ አባ። ክርን እኮ ነው።»

ክርን!
ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ክርን ስሸምት ኖሬ፣
በፌስታል፣ በደርዘን፣ ክርን ተሸክሜ ዞሬ፣
የስንቱን ሰው ክንድ ነው ግድግዳ ውስጥ የቀበርኩ?
በሲሚንቶ ለስኜ፣ በቀለም የሸፈንኩ?

ጠዋት ሥራ ትቼ ትምህርት ቤቷ ሄድኩኝ፤
ዘበኛው እስኪያምነኝ በር ላይ ብዙ ቆምኩኝ።
ቲቸር ገመዳ መጣ፣ ጣቶቹ ጠመኔ ነጭተው።
«ሁለት ቃል ነው» አለኝ። «‹ኤል› ክንድ ነው በጥንቱ፣
ጨርቅ የሚለኩበት ከክርን እስከ ጣቱ፤
‹ቦ› ደግሞ ደጋን ነው፣ የጎበጠ እንጨት፤
ክንድ ደጋን ሲሆን፣ ያ ነው የሚሉት።»
«ኒፕልስ?» አልኩት። መነጽሩን አወለቀ፣
በጋዋኑ ጠረገ፣ «እሱ ይቆይ» ብሎ ሳቀ።

ይገርማል፤ እነሱም በክንድ ሲለኩ ኖረዋል።
እኛም ዕጣ ያልወጣልን፣ ለካርታ የተሰለፍን፣
በስተመጨረሻው በክንድ ነው መሬት የሚደርሰን፤
ሁለት ክንድ ከስንዝር፣
ያለ ደላላ፣ ያለ ሊዝ።

የእኔ ክርን ግን አይታጠፍም።
ዝናብ በበዛበት ክረምት ከመወጣጫ ወድቄ፣
በገላኑ ወጌሻ ሸምበቆ አርባ ቀን ታንቄ፣
ሲፈታ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ እንደ ስድስት ሜትር ቧንቧ።
ሳማትብ ግንባሬ ጋ አይደርስልኝም።
ልጨብጠው የዘረጋሁለት ሰው
የምገፋው ይመስለዋል።
እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ
ውኃን መታጠፍ የማስተምራት።

ውኃ ቀጥ ብላ መሄድ ታውቃለች፤
ሰው ቤት ለመግባት ግን ትታጠፋለች።

ከቀትር በኋላ ሙዘይን ዘንድ፣
«አንድ ክርን ስጠኝ» አልኩት።
«የምን ክርን?»
«የግማሽ ኢንች።»
ፀሐይ የመታኝ መስሎት
በርጩማ ሳበልኝ፣ የሃይላንድ ውኃ ከፈተልኝ።

ሐሙስ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፣ ግድግዳው ሳለ።
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣
ከዚያ በተራችን ውኃ።
ጀሪካኑን ደቀንኩ። የላይኞቹም ነቅተዋል፤
ባልዲ ሲጎተት፣ ሰው በሹክሹክታ ሲቆጣ ይሰማል።
መብራት ሳላበራ መታጠፊያዋን ሁሉ አዳመጥኩ፦
በሩ ሥር ክርን፣ ከሲንኩ ኋላ ክርን፣
ሽንት ቤቱ ጋ አንድ ክርን፣ በጥቂቱ የምታለቅስ፣
እሷን እንኳ ነገ እጠብቃታለሁ።

ሲፈን ክንዷን አጥፋ ተንተርሳው ተኝታለች።

ቫልቭ ደግሞ ልብ ውስጥ አለ ይላሉ።
እሱን አልጠይቃትም።