የመዛኙ ደብተር

ሳን ፔድሮ ላይ ቀኑ ዘንበል ማለት ሲጀምር፣
የውርርድ ቤታችን ሲከፈት የብረቱ በር፣
ዶን ኤላዲዮ ነው ሁልጊዜ የሚቀድም፤
እርሳስ ከጆሮው ላይ፣ ደብተር ከብብቱ፣ ሰላምታም የለም።

ሠላሳ ሦስት ዓመት በስኳር ፋብሪካ
ሸንኮራ አገዳ መዝኗል፣ ፉርጎ ሙሉ እየለካ፤
ፋብሪካው ተዘጋ። ሚዛኑ ዝጎ ቀረ ለዝናብ።
የመመዘን አመል ግን አይዝግም፤ አይለቅም ከልብ።

እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ፣ ከፍርግርጉ ኋላ።
ተወራርጄ አላውቅም፤ አይቻለሁ የሰው ደመወዝ ሲበላ።
እሱ ግን «ቁማር አይደለም» ይላል፣ የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ ነክቶ፤
«ቁማርስ የዚያ ነው፣ በሕልሙ ቁጥር አይቶ
የሚሮጠው። እኔ እመዝናለሁ።

መጀመሪያ ወርዋሪውን። ስንት አሸነፈ አትበይኝ፤
ማሸነፍ የብዙ ሰው ነው። ስንቱን በነጻ እንዳሳለፈ ንገሪኝ፣
ስንት ቀን እንዳረፈ፣ ከአምስተኛው ዙር በኋላ
ኳሱ ከፍ ከፍ ይል እንደሁ፣ ክንዱ እየላላ።
ቀጥሎ መቺዎቹን፦ ግራኝ ሲገጥማቸው
ይደነባበሩ እንደሁ፤ የባሕር ነፋስ ሲመጣባቸው
ረጅሙ ምት አጥር ሳይደርስ ይሞት እንደሁ።
መጨረሻ በረቱን፣ ተጠባባቂ ወርዋሪዎች የሚውሉበትን።
ሰው እዚያ አያይም። ልጄ፣ ጨዋታ በወርዋሪ ይጀመራል፤
በበረት ያልቃል።»

ያን ዕለት የእኛ ቡድን ከደጋ እንግዶች ሊጋጠም፣
ወርዋሪን ከወርዋሪ አስተያየ፤ ብልጫ የለም።
ዱላን ከዱላ አስተያየ፤ የፀጉር ያህል ነው ልዩነቱ።
በረቱ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ፤ ተቋጠረ ፊቱ።
ሦስቱ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ወርውረዋል፤ ክንድ የላቸውም።
የቀረው ዊልኪን ነው። የኢልዳ ልጅ። ሌላ የለም ማንም።

ካልሲ በካልሲ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አጥብቆ፣
የኤላዲዮን መስኮት ሁለቴ የሰበረ፣ ሁለቴም ይቅርታ ጠይቆ
የታረቀ ልጅ።
እናቱ ደጃፋችን ላይ ዶሚኖ ትደረድራለች።
«ዛሬ ያስገቡታል» ለሚያልፍ ለሚያገድመው ትላለች።

ደብተሩ ግን እንዲህ ይላል፦ ከአራት መቺ አንዱን በነጻ ያሳልፋል፤
ቤዙ በሰው ሲሞላ እጁ ያልበዋል፤ ኳሱ ይንሸራተታል።

አጎንብሶ በፍርግርጉ፣ እንደ ንስሐ፣ በሹክሹክታ፣
«አምስት መቶ ፔሶ፣ በእንግዶቹ» አለኝ፣ ሳያየኝ ላንዳፍታ።
ቆረጥኩለት። አጠፈው። ደግሞ አጠፈው። ኮፍያው ውስጥ ደበቀ።
ከኢልዳ ጎን ተቀምጦ ጨዋታውን ጠበቀ።

ዘጠነኛው ዙር። ሦስት ለሁለት እንመራለን፤
እንደ ልማዱ መብራቱ ጥሎን
ሄደ።
የቀረልን የፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ ነው፤ ባትሪው እያቃሰተ።
ዊልኪን ገባ። ሁለት መቺ አሰናበተ።
ሁለቱን በነጻ ለቀቀ።
ልክ እንደ ደብተሩ፣ ቃል በቃል። ኢልዳ የዶሚኖ ጠጠር ጨብጣ እጇ ደረቀ።

የኤላዲዮን ፊት አላየሁም። ድምፁን ግን ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ
«ዝቅ አድርጋት ልጄ፣ ዝቅ» ሲል፣ በየትኛው ወገን እንዳለ ዘንግቶ፣ ኮፍያውን ከራሱ ነቅሎ።
ሦስት ቦል፣ ሁለት ስትራይክ። ከዚያ ሬዲዮው ተንጣጣ፤ ዝም።

ከማዶ ሰፈር፣ መብራት ካለበት፣ ጩኸቱ ሲደርስ ወደኛም፣
አወቅነው፤ መቺው ባዶ አየር ላይ ዱላውን ሰንዝሮ
ቀርቷል። ኢልዳ ጠረጴዛውን ገለበጠች። ሰፈሩ ሁሉ ከበሮ፦
ድስት፣ በርሜል፣ የሞተር ብስክሌት ጥሩምባ።
ኤላዲዮም «እሰይ!» ብሎ ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረ።
ያን ጊዜ መብራት መጣ። ትኬቱም ኢልዳ እግር አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ ነበረ።

ረገጥኩት።
እሷ አላየችም። እሱ አየኝ።

በማግስቱ መጣ፤ ደብተር ከብብቱ፣ ሰላምታም የለም።
«ስሌቱ አልተሳሳተም» አለ። «ልጁ ነው የተሳሳተው። ያንን ደብተር ላይ አልጽፍም።»
ገጹን ገለጠ፦ ሃያ ስምንት ኳስ ወርውሯል፤ ዛሬ ክንዱ እንጨት ነው።
እርሳሱን በምላሱ ነካ። ኪሱን ዳበሰው።
«መቶ ፔሶ አበድሪኝ» አለ።
«ለዳቦ ነው» አለ፣ ሳልጠይቀው።