ሽውታ

«አልፈልግም» ብዬ ሦስት ዓመት ተሟገትኩ፣
«ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት የታል?» እያልኩ።
ትርሲት ሳቀችብኝ፤ ልጆቹ አኮረፉ፣
ያውም አኩርፎ መብላት፣ እራት ሳያተርፉ።
በጥቅምት መባቻ፣ «ዊፔት» የሚሉትን
ቀጭን ነገር ይዘን ከካልጋሪ መጣን።

ወገቧ ቀለበት፣ እግሯ የሸምበቆ፣
ደረቷ ግን ጥልቅ፣ ልብ ያለበት ታጭቆ።
«ሽውታ» አለቻት ትልቋ ኤልዳና፤
እንቅልፏን እያየሁ፣ «ለምኗ?» አልኩና
ሳቅሁ።

እትዬ ዘነቡ ለጥየቃ መጥተው፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ጎድኗን ቆጣጥረው፣
«ምነው ልጄ፣» አሉኝ፣ «አትፈሩም ወይ እግዜር?
ውሻም ይጾማል ወይ እንዲህ በሰው አገር?»
እሷስ ትበላለች፣ ራብ መች ታውቃለች፤
የበእምነትን ኬክ ከነሻማው ውጣለች።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ፤
ይቺ በልታም ዝም ነው፤ ተረቶች ይዋሻሉ።
በር ቢያንኳኩባት አንድ ዓይኗን ትገልጣለች፣
«ለኔ ካልሆነማ…» መልሳ ትተኛለች።

ሶፋው የኔ ነበር፤ ከሌሊት ፈረቃ
ገብቼ የምወድቅበት ፀሐይ ስትነቃ።
መጀመሪያ ጥጉን፣ ለጥቆ እኩሌታውን፣
ሳምንት ሳይሞላት ወረሰች ሙሉውን።
ብርድ ልብሱን ባፍንጫ ገልጣ ትገባለች፤
ከውጭ ላያት ሰው ትራስ ትመስላለች፤
ሊቀመጥባት ሲል ብቻ ትተነፍሳለች።

ጥር ገባ። ኤድመንተን በረዶ ለበሰች፤
ከዜሮም በታች ሠላሳ ደረሰች።
በሩን ብከፍትላት አየሩን አሸታ፣
«አንተው ጨርስልኝ» አለች ዓይኗን አንስታ።
የድሮ ሹራቤን እጅጌ ቆረጥኩላት፤
ክርኔ የነበረው አንገት ሆነላት።
ኤልዳና አራት ጫማ ከገበያ አመጣች፤
አንዱን በላችና በሦስቱ ወጣች።

አንድ ማለዳ ግን፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ፣
ነጭ ጥንቸል ተነሣች ከነጩ ውርጭ ጓዳ።

ገመዱ ከእጄ፣
እሷም ከዓይኔ።
«ሽውታ!»
ስትሮጥ ጆሮ የላትም።
ታጠፈች፣ ተዘረጋች፣
ታጠፈች፣ ተዘረጋች፣
አራቱም እግሯ ባንዴ መሬቱን ለቆ፣
መሬቱ ቆየ ኮቴዋን ናፍቆ።
ስሟን ያወጣችው ልጄ አልተሳሳተች፤
ሽው ሲል ሰማሁ እንጂ ለዓይኔስ መች ነበረች።
ያን ሁሉ ቀን መተኛት ለካስ ቁጠባ ነው፣
ለዚች ግማሽ ደቂቃ ሲጠራቀም ያለው።

ጥንቸሏ ሹልክ ስትል በሽቦው አጥር ሥር፣
የሽውታ ቆዳ ተተረተረ እንደ ክር።
አልጮኸችም ያኔም።
ሹራቡን አልፎ ደሙ ሲወርድ ባየው፣
ኮቴን አውልቄ እሷን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ ብርዱንም ረሳሁት።

ዐሥራ አንድ ስፌት ሰፍታ ሐኪሟ እንዲህ አለች፦
«የዚህ ዘር ቆዳው ስስ ነው፤ ልቡም ስስ» አከለች።
«ቁጣ አይችልም፤ ቤት ውስጥ ጩኸት ይታመማል።»
ትርሲት ወደኔ አየች። እኔ ወደ ወለል።
«ማነው የለቀቃት?» ልል የነበረውን
ዋጥሁት፤ እኔው ነበርኩ የያዝኩ ገመዱን።

ከዚያ ወዲህ ድምፄ ከፍ ማለት ሲያምረው፣
ብርድ ልብሱ ሥር ያለ ጉብታ ነው የማየው።
ዝቅ እላለሁ።
ልጆቹ ነቅተውብኛል፤ የፈተና ውጤት
ሲያሳዩኝ ሶፋው ጋ ነው፣ እሷ ካለችበት።

ዛሬም ጎህ ሲቀድ ነው ከሥራ የገባሁት፤
ሶፋው ሙሉ ሆኖ፣ ምንጣፉን ያዝሁት።
አንገቷን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለች፣
«እፎይ» ዓይነት ትንፋሽ አንዴ ተነፈሰች።
«ውሻ ከደጅ እንጂ…» ማነው እንዲህ ያለው?
ቀስ ብላችሁ አውሩ፤ ሰውዬውን አላውቀው።