ከጣውላው ስር

ሚኒሶታ፣ ጥር ወር፤ ጋራዡ በረዶ፣
የአባቷ መጋዝ ቆሟል ክንዱን ሰዶ።
ሶልቬግ ፈተገችው ምሰሶውን በሽቦ፣
ዝገቱ ወረደ ጫማዋ ላይ ዘንቦ።
ኩሽኔታው ሲያቃስት ግራሶ አጎረሰች፣
አይጥ የበላውን ገመድ ቆርጣ ቀየረች፣
በስኳድራ ለክታ ክንዱን አቀናች።

የነተበ ጣውላውን ነቅላ ስትገለብጠው
እጅ አለ ከስሩ፣ በእርሳስ የተነደፈው።
አምስት ጣት።
ደግማ ቆጠረች። አምስት።
እሷ የምታውቀው አባት
አራት ነበረው፤
ሌባ ጣቱን፣ ሳትወለድ በፊት፣
የሰረቀው ይህ ብረት።

ሀልቮር ለካ ያን ቀን ጣውላውን ገልብጦ
ኖሯል ሙሉ እጁን ከስር አስቀምጦ።

ስለ ጣቱ አያወራም። ስለ መጋዙ ግን፦
«ስትስቢው፣ ልጄ፣ እሱ ነው የሚስብሽ አንቺን።
ክንድሽን አደንድኚ። ቆርጦ ሲያበቃ
ወደ ቤቱ መልሺው፤
ዙረቱ ሳይቆም እንጨቱን አትንኪው።»

አዲሱ ጣውላ ላይ፣ ከስለቱ መንገድ ሁለት ስንዝር ርቃ፣
ግራ እጇን አኖረች፤ እርሳሷን አጥብቃ
ዞረችው፣ ጣት በጣት፣
ሌባ ጣቷ ላይ ትንሽ ቆይታ።

ሶኬቱን ሰካች። ሞተሩ አጉረመረመ።
ጥዱን ሲነክስ ወደ እሷ ሊሮጥ ቃጣው፤
ክንዷ ደንድኖ ቆመ።

ወለሉ ላይ ሁለት ቁራጭ።
ከእንጨት በቀር የተቆረጠ የለም።