የእርሳስ ፊደል

እናቴ ግላፊራ የእርሳስ ፊደል ለቃሚ፣
ሞስኮ ዳር፣ ሌሊቱን ለሰው አገር ደካሚ፣
ሃያ ዓመት ቆመች ከሣጥኖች መሐል፤
አንዱ የቬትናም ነው፣ አንዱ የቤንጋል፤
ያንዱንም አገር በዓይኗ አላየችውም፣
ትለቅማለች እንጂ አንዱን አታነብም።
«ይሄ ቆብ ደፍቷል፤ ይሄ ጅራት አለው፤
ይሄኛው የሐበሻ፣ እግሩን የሚከፍተው፣
ብርድ ላይ ተረኛ ዘበኛ ይመስላል።»
ትለኝ ነበር። ሣቋ እስካሁን ይሰማኛል።

ለእርሳሱ መርዝ ማርከሻ ግማሽ ሊትር ወተት
መንግሥት ይሰፍርላት ነበር በየሌሊት።
አልጠጣችውም። ከካፖርቷ ሥር
ሸሽጋ ታመጣው ነበር እንደ ምሥጢር፤
እኔ ነኝ የጠጣሁት። በዚያ ነጭ ዕዳ
የኔ አጥንት ጠነከረ፣ የሷ ጥርስ ተጎዳ።

አንዲት ቀይ መጽሐፍ ባርባ ቋንቋ ወጣች፣
ከኦዴሳ ወደብ በመርከብ ተጫነች፤
ሉዋንዳ ወረደች፣ ሃይፎንግ፣ ኤደን።
እናቴ ባሕር አታውቅም፤ የምታውቀው ወረፋን፣
የቋሊማ ወረፋን፣ የትራም ደወልን።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ አንገቷን ሰበረ፤
አንድ ፊደል በእጇ ተዘቅዝቆ ቀረ።
መርከቡ ሄደ። እሷ ሳምንት አልተኛች፤
«በኔ ስሕተት» አለች፣ ሻይ እያማሰለች፣
«አንድ አገር ላይ አብዮት ቢጣመምስ?»
አባቴ ሣቀ፤ ሣቀ እንባው እስኪፈስ።
እሷ አልሣቀችም።

ከሐበሻው ሣጥን አንድ ቃል ለመደች፣
ባለ ሁለት ፊደል፤ በየገጹ አለች።
አራሚውን ጠየቀች። «ጓድ ትባላለች» አላት፣
«የኛው ታቫሪሽ ናት።»
«እንዴት አጠረች!» ብላ ወደ ሣጥኗ ዞረች።

አጎቴን አርሴኒን በሠላሳ ሰባት
በር አንኳኩተው የወሰዱት ሰዎች
በዚችው ቃል ጠርተው ነው፣ በትሕትና፣ በሌሊት።
የጫማውን ክር እንኳ አላሰረም።

ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ። እርሳሱ በኪሎ
ተቸበቸበ፣ ፊደል ከፊደል ተቀላቅሎ።
እኔም አንድ ጆንያ ገዛሁ፤ በአሮጌ ድስት
አቅልጬ ሠራሁት፣ ለመንጠቆዬ ክብደት።
ቤንጋሉ፣ ሐበሻው፣ ባንድ እሳት ላይ ፈልቶ
አንድ ሆነ በመጨረሻ፣ ድንበሩ ጠፍቶ።
አንዲት ብቻ ሳትቀልጥ ጎኑ ላይ ቀረች፣
እግሯን የከፈተች።

ኦካ ወንዝ ዳር ነኝ። ክሩን ወረወርሁት፤
ይዛው ጠለቀች።
ምን እንደምትል እኔም አላውቅም።
እጄ እርሳስ እርሳስ ይላል።
ዓሣው ገና አልነካም።