ሣጥን ውስጥ የገባው ምክትል

ስሟ «ጀልባ» ሆኖ ወንዟ በተቀበረ፣
ጭስ ማውጫዋ እንጂ ጭሷ ባልነበረ፣
በዉች ከተማ፣ በጥቅምት ማለዳ፣
ክራባት አስረን፣ ቆመን እንደ እንግዳ፣
ሰባት ሆነን ገባን ከአሮጌ ፋብሪካ፤
ጥጥ ይፈተልበት የነበረ ነው ለካ።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ በአውቶቡስ ድርጅቱ
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፈኝ በከንቱ፤
በከንቱስ አልልም፤ ሳንቲም ቆጥሬያለሁ፤
ግን ትኬት የሚገዛ ሰው መች አይቻለሁ?

ስለ አዲሱ ማሽን ስምንት ወር ተጻፈ፤
ሰነዱ ወፈረ፣ ሁለት መቶ ገጽ አለፈ፤
ለአንቀጽ አራት ብቻ፣ ለአንዲት ቃል ትርጉም፣
ሦስት ስብሰባ ጠራን፤ አልተስማማንም።

አሠልጣኟ ማልቪና፣ ፀጉሯን የተላጨች፣
ያን ወፍራም ሰነድ በእጇ መዘነች፤
«ክብደት አለው» ብላ ጎንበስ አለችና
በር ደገፈችበት፣ ነፋስ ይዘጋዋልና።

ከዚያ ጎትታ አመጣች የፍሪጅ ካርቶን፣
መቀስና ሙጫ፣ አንድ እፍኝ እርሳስን።
«እስከ እኩለ ቀን ድረስ ማሽኑን ሥሩልኝ፤
ማማሩ ይቅርና ስሕተቱን ስጡኝ።
ዛሬ በሙጫ መሳት ይሻላል፣ ከነገ
በብረት ከመሳት።» ማንም አልፈለገ
መቀሱን ሊያነሣ፤ እርስ በርስ ተያየን፤
ባለ ሁለት ዲግሪዎች ካርቶን መቁረጥ ፈራን።
ኋላ ዶብሮስዋቫ ከሽያጭ ተነሥታ
ጠማማ ቀደደች፤ ሣቀች፣ ደግማ ስታ።

ማያው ወረቀት ነው፣ ቁልፉ የጠርሙስ ክዳን፤
ለሳንቲም መግቢያውን በቢላ ሸነቆርን።
«ግን ትኬቱን ማን ያውጣ?»
                                  «ሰው» አለች። ስትቃኘን ቆይታ፣ ዐይኗ ሲንከራተት፣
ከኢሬኔዑሽ ዐረፈ፤ ከምክትሉ ክራባት።

እሱም ስድሳ ዓመቱ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣
ኮቱን ወንበሩ ላይ ከነመዓርጉ ገፎ፣
ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ ቁና ቁና ተነፈሰ፤
ማሽናችን ተነቃነቀ፤ ደግሞም አነጠሰ።

ወለል ስትወለውል ያየናት በኮሪደሩ
ወይዘሮ ገኖቬፋ ተጠራች ከበሩ፤
«እህትዎ ዘንድ ዛሬ ሊሄዱ ነው እንበል፤
ትኬትዎን ይግዙ። እኛ ደግሞ ዝም እንበል።»

ቆመች። ቁልፉን አየች። እጇን ጠረገችው።
መነጽሯን ፈለገች፤ ቤት ነው የረሳችው።
«ዞን ይምረጡ» ይላል የኛ ወረቀት፤
«ዞን» ምን እንደሆነ ማን አውቆ ይንገራት?
ሣጥኑን ጠየቀች፦ «ልጄ፣ እኔ የምወርደው
ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ነው።»

ደንቡ ዝምታ ነበር፤ ሣጥኑ ዝም አለ።
ሳንቲሟን ጨመረች፤ ውስጥ ተንከባለለ።
ጠበቀች። «እንደ ሌሎቹ ነው፣ ተበላሽቷል» አለች፤
«ወትሮም በእግሬ ነው» ብላ ልትሄድ ዞረች።

ያኔ በቀዳዳው አንድ እጅ፣ የወርቅ ሰዓት ያሰረ፣
ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይንቀጠቀጥ ነበረ።
ከካርቶኑም ድምፅ፦ «ይቅርታ፣ እመቤቴ፤
ያን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የኔ ነው ስሕተቴ።»

ማልቪና አልሳቀችም። ወረቀቱን ገነጠለች፤
«የምትወርድበትን በቃሏ ጻፉት» አለች።
ሆስፒታል። ዳቦ ቤት። ባቡር ጣቢያ። ስምንት ወር ያቃተን
አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ ሙጫው ሳይደርቅ ጨረስን።

ሁለተኛው ሣጥን ከፋ፤ ሦስተኛው ተደረመሰ፤
በአራተኛው ትኬት ወጣ፤ እጇ ላይ ደረሰ።
«አውቶቡሱስ የታለ?» ብላ ጠየቀችን፤
መልስ ያለው አልነበረም፤ እየሳቅን አፈርን።

ማታ ስንበተን ሰነዱ በሩ ሥር ነበር፤
ነፋስ ብቻ ገጹን ያነብለት ጀመር።

እኔ ከቁልፎቹ አንድ ክዳን በኪሴ ወሰድኩ፤
ከዚያ ወዲህ በጀት ሳልጫነው መች ፈረምኩ?
ውስጡ ሰው ያለበት፣ ያጎነበሰ ይመስል፣
ላብ ያጠመቀው፣ እጁን ሊዘረጋ ሲል።